«ልዩነት» እና «ልዩ ፍላጎት»፤ የአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት መደብ ስያሜ ጥናት

1. መነሻ

በቅርቡ ለአርትዖት ከቀረቡልን የትርጉም ጽሑፎች አንዱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለመቅጠር የወጣ ማስታወቂያ ነበር። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰ ሲሆን፣ የመደቡ መጠሪያ «የቀዳማይ ልጅነት የብዙ ቋንቋ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ፋኩልቲ የሥራ ቦታ» ይላል። ዐሥር ቃላት ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ ለየብቻቸው ሲታዩ ነቀፋ የለባቸውም። ሐረጉ በጠቅላላው ሲነበብ ግን ቢያንስ ሦስት ፍቺዎችን ይሰጣል። አንደኛ፣ መምህሩ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ሕፃናት በብዙ ቋንቋዎች የሚሰጠውን ትምህርት የሚያጠና ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አካባቢ ላደጉና ልዩ ፍላጎት ላላቸው ሕፃናት የሚሰጠውን ትምህርት የሚያጠና ነው። ሦስተኛ፣ ብዙ ቋንቋ መናገርን ራሱን እንደ ልዩ ፍላጎት ቆጥሮ የሚያስተምር ነው። ሦስተኛው ፍቺ በማስታወቂያው ባለቤቶች እንዳልታሰበ አያጠራጥርም፤ አማርኛው ግን ይፈቅደዋል።

የመደብ ስም ማን እንደሚቀጠር ይወስናል። የተቀጠረው ሰው የሚነድፈው ሥርዓተ ትምህርት የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን የሚሠለጥኑበት ይሆናል። እነዚያ መምህራን በልየታ ቅጽ ላይ በሚያሰፍሩት አንድ ቃል ደግሞ አንድ ልጅ ወደ አንድ ክፍል ይመደባል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሐረጉን ክፍሎች አንድ በአንድ መርምረን፣ ፍቺው የማያሻማ ስያሜ ለማቅረብ እንሞክራለን።

2. ስያሜው የሚፈተንበት ቦታ

አንድ ስያሜ ብቁ መሆኑ የሚታወቀው በሚሠራበት ምድር ሲፈተን ነው። ለዚህ ጥናት መፈተኛ አድርገን የመረጥናት ሐርላን ነው። ሐርላ ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የገጠር መንደር ናት። በኤክስተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ባካሄደው ቁፋሮ፣ በ12ኛው ምእት ዓመት የተሠራ መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቤት፣ የመስታወት ዶቃዎች፣ ዛጎሎችና ከቻይና የመጡ የሸክላ ዕቃዎች ስብርባሪ ተገኝተዋል። በዐረብኛ የተጻፉ የመቃብር ጽሑፎችም ከዚያው ይገኛሉ። ይህ ሁሉ የሚያመለክተው ሐርላ በጥንት ዘመን ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ካሉ አገሮች ጋር ትነግድ እንደ ነበረ ነው። እንዲህ ያለ ንግድ በአንድ ቋንቋ ብቻ ተካሂዷል ብሎ ለማሰብ ያስቸግራል። ዛሬ የመንደሩ ነዋሪዎች በአብዛኛው የሚነጋገሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የጥንቶቹን ግንበኞች ግን «ሐርላ» የሚባሉ ግዙፍ ሰዎች ነበሩ እያሉ ያወሳሉ።

ድሬዳዋም የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ የሰፈሮቿ ስሞች ብቻ የቋንቋዎቿን ብዛት ይናገራሉ። «ለገሃር» ከፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ መጠሪያ የመጣ ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው «መጋላ» በአፋን ኦሮሞም በሶማሊኛም ከተማ ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደሩ ቻርተር አማርኛን የሥራ ቋንቋ ሲያደርግ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ደግሞ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ሲሰጥ ቆይቷል። በከተማው ሐረሪኛ፣ ጉራጊኛ፣ ትግርኛና ዐረብኛም ይሰማሉ።

አሁን አንድ የአምስት ዓመት ልጅ እናስብ። ልጁ ሐርላ ተወልዶ በአፋን ኦሮሞ አፉን ፈትቷል። ወላጆቹ ወደ ከተማ ሲገቡ በአማርኛ ብቻ ወደሚያስተምር መዋዕለ ሕፃናት ይገባል። ልጁ ለወራት አንድም ቃል አይናገርም። መምህርቷ በልየታ ቅጹ ላይ «አይናገርም» ብላ ትጽፋለች። ይህ ቃል ምን ማለት ነው? ልጁ አዲሱን ቋንቋ ገና እያዳመጠ ነው ማለት ነውን? ጆሮው በደንብ አይሰማም ማለት ነውን? ወይስ የቋንቋ ዕድገቱ ታውኳል ማለት ነው? እነዚህን ሦስቱን ለይቶ የሚያስተምር መምህር ማፍራት የዩኒቨርሲቲው ፈንታ ነው። የመደቡ ስም ሦስቱን ካደባለቀ ግን መደባለቁ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል።

3. «ፋኩልቲ»

በአሜሪካ እንግሊዝኛ ይህ ቃል የአንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራንን በጅምላ ይጠራል። አማርኛ ግን ቃሉን ሲዋስ በአውሮፓዊ ፍቺው፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ ክፍል አድርጎ ወስዶታል፤ «የሕግ ፋኩልቲ»፣ «የሕክምና ፋኩልቲ» እንደሚባለው ነው። ስለዚህ «የፋኩልቲ የሥራ ቦታ» የሚለውን ያነበበ ሰው የጽሕፈት ወይም የአስተዳደር ሥራ ሊመስለው ይችላል። ይህ ተርጓሚዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው። ትክክለኛው አቻ «የመምህርነት መደብ» ነው። ማዕርጉ ከታወቀ ደግሞ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር ወይም ፕሮፌሰር ተብሎ በቀጥታ ይጻፍ።

አንዳንዶች «ወንበር» የሚለው ቃል እንዲመለስ ይሻሉ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት «ወንበር ዘርግቶ ማስተማር» የታወቀ አነጋገር ነው፤ የአውሮፓም ዩኒቨርሲቲዎች የአንድን የትምህርት ዘርፍ የበላይ መምህር በወንበር ይጠሩታል። ሐሳቡ ያማረ ቢሆንም፣ በዛሬው የመንግሥት የሥራ መደብ አጠራር ውስጥ ቦታ ስለሌለው አልመረጥነውም።

4. «ቀዳማይ ልጅነት»

ለዚህ ዕድሜ ሦስት ስያሜዎች ይወዳደራሉ። «መዋዕለ ሕፃናት» ከግእዝ ሲፈታ «የሕፃናት ዘመን» ማለት ነውና፣ በመሠረቱ የምንፈልገውን ጽንሰ ሐሳብ ይዞ ነበር። ይሁን እንጂ የዕድሜው ስም የትምህርት ቤቱ ስም ሆኖ ስለ ቀረ፣ ወደ ጥንት ፍቺው መመለስ አይቻልም። «ዐጸደ ሕፃናት» የሚለውም፣ ዐጸድ የተክል ቦታ ማለት ስለሆነ፣ የጀርመኖቹን «የልጆች የአትክልት ስፍራ» የሚያስታውስ የትምህርት ቤት ስም ነው። «ቅድመ መደበኛ» ሁለተኛው ተወዳዳሪ ነው። ችግሩ ከልዩ ፍላጎት ትምህርት ጋር ሲጣመር ይታያል፤ በዚህ ሙያ «መደበኛ ክፍል» የ«ልዩ ክፍል» ተቃራኒ ነውና፣ «ቅድመ መደበኛ ልዩ ፍላጎት» የሚለው ሐረግ አንዱን ቃል በሁለት ፍቺ ያስጨንቀዋል።

የቀረው «ቀዳማይ ልጅነት» ነው። «ቀዳማይ» በግእዝ የተራ ቁጥር ቅጽል ሲሆን፣ ከነገሥታት ስም ጋር የለመድነው «ቀዳማዊ» ወንድሙ ነው። ስያሜው በመንግሥትና በልማት ድርጅቶች ጽሑፎች ተስፋፍቷል፤ ትምህርት ቤትንም ቤትንም ይጨምራል፤ ከልደት እስከ 8 ዓመት ያለውን ዕድሜ የሚጠቀልለውን የዩኔስኮ አፈታትም ይሸከማል። ስለዚህ እንዲጸና እንመክራለን። «ሕፃን» የሚለውን ቃል በዚህ ቦታ መጠቀም ግን ዕድሜውን አይወስንም፤ የሕፃናት መብቶች ስምምነት እስከ 18 ዓመት ያለውን ሁሉ ሕፃን ይለዋልና።

5. «ልዩ»፣ «ልዩነት»፣ «ልየታ»

የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። «ልዩ» የወጣው «ለየ» ከሚለው ግሥ ነው። ከዚያው ግንድ «ልዩነት»፣ «መለያ»፣ «መለያየት»፣ እንዲሁም በቅርብ ጊዜ በትምህርትና በጤና ሙያ የተለመደው «ልየታ» ይወጣሉ። ስለዚህ «የቋንቋ ልዩነት» ያለው ልጅ፣ «ልየታ» ተደርጎለት፣ «ልዩ ፍላጎት» ያለው ሆኖ ሲገኝ፣ አማርኛው ሦስቱን ደረጃዎች በአንድ ሥር ያስተሳስራቸዋል። ሌሎች ቋንቋዎች ለእነዚህ ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች ሦስት የማይዛመዱ ቃላት ሊኖሯቸው ይችላሉ፤ እኛ ግን ጆሮአችን ራሱ ከልዩነት ወደ ልዩ ፍላጎት ያንሸራትተናል።

ከሥነ ልሳን አንጻር በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ግልጽ ነው። ብዙ ቋንቋ መስማትና መናገር የቋንቋ እክል አያመጣም። እክል ያለበት ልጅ እክሉ በሚያውቃቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይታያል፤ በአንዱ ቋንቋ እንደ እኩዮቹ እየተናገረ በሌላው ብቻ የሚቸገር ልጅ ግን ሁለተኛውን ቋንቋ ገና እየለመደ ያለ ልጅ ነው። በአዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ሕፃን ለወራት ዝም ሊል እንደሚችልም የታወቀ ነው። በዚህ ምክንያት ምዘና በልጁ ቋንቋዎች ሁሉ መካሄድ ይገባዋል።

ስሕተቱ በሁለት በኩል ይጎዳል። ልዩነትን እክል ማለት ጤናማውን የሐርላ ልጅ ወደማይገባው ክፍል ይሰድዳል። እክልን ልዩነት ማለት ደግሞ መስማት የተሳነውን ልጅ «ቋንቋው ሌላ ስለሆነ ነው፤ ይለምዳል» እያሉ ለቋንቋ ዕድገት የማይተኩትን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ማባከን ነው። ሁለተኛው ጉዳት ድምፅ ስለሌለው ብዙ ጊዜ አይታይም።

በመሆኑም «የቋንቋ ልዩነት» እና «የቋንቋ ዕድገት እክል» የሚሉት ስያሜዎች ምንጊዜም ጎን ለጎን እንዲፈቱ፣ አንዱም በሌላው ምትክ እንዳይገባ እናሳስባለን። «እክል» የሚለውን ከ«ችግር» እና ከ«ጉዳት» የመረጥነው «የንግግር እክል» በሚለው ሐረግ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ነው።

«ፍላጎት» በሚለውም ላይ ክርክር አለ። በዕለት ተዕለት አነጋገር ፍላጎት ምኞት ነው፤ የሚያስፈልግ ነገር ግን ባይመኙትም ያስፈልጋል። አፋን ኦሮሞ በዚሁ ሙያ «ፌዺ» የሚለውን ሲጠቀም ከምኞት ወገን ይቆማል፤ የሶማሊኛው «ባሂ» ግን ወደ ማስፈለግ ያደላል። ይሁን እንጂ ትምህርት ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ካወጣ ወዲህ ስያሜው ሥር ሰድዷል። ከዚያ በፊት ይሠራበት የነበረው «ልዩ ትምህርት» ልዩነቱን በትምህርቱ ላይ ያሳርፍ ነበር፤ አዲሱ ልጁ ወደሚያስፈልገው ነገር አሻግሮታል። የሰፈነን ቃል ጥቂት ስለ ጎደለው ብቻ መንቀል ከጥቅሙ ጉዳቱ ስለሚበልጥ፣ «ልዩ ፍላጎት ትምህርት» እንዳለ ይቆይ እንላለን።

6. «ብዝኀ ልሳን» እና «ልሳነ ብዙ»

«ብዙ ቋንቋ» የሚለው ሐረግ ክስተቱን እንጂ ሰውየውን አይገልጽም። አማርኛና ግእዝ ሁለቱን የሚለዩበት ጥሩ መሣሪያ አላቸው። «ብዝኀ ሕይወት» በሚለው አምሳል «ብዝኀ ልሳን» ብንል፣ በአንድ ቦታ ወይም በአንድ ሰው ዘንድ የብዙ ቋንቋ መኖርን እንሰይማለን። የሰውን ጠባይ ለመግለጽ ደግሞ የአካልን ስም አስቀድሞ ቅጽሉን የሚያስከትል የታወቀ አሰካክ አለ፤ «አንደበተ ርቱዕ»፣ «ልበ ሙሉ»፣ «ዓይነ ስውር» የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። በዚሁ መንገድ «ልሳነ ብዙ ልጅ» ማለት ብዙ ቋንቋ የሚሰማና የሚናገር ልጅ ነው። ድሬዳዋ ብዝኀ ልሳን የሰፈነባት ከተማ ናት፤ ልጇ ልሳነ ብዙ ነው።

በ«ልሳን» ፈንታ «ምላስ» ማለት ግን አይገባም። በሕዝብ አነጋገር ሁለት ምላስ ያለው ሰው የማይታመን ሰው ነውና። የሙያ ስያሜ ከእንዲህ ያለ ጥላ መራቅ አለበት።

7. «አፍ መፍቻ»

«አፍ መፍቻ ቋንቋ» በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ መሰጠቱ ሲወሳ ከማንኛውም ቃል በላይ የሚነሣ ስያሜ ነው። ሥዕሉ ሕያው ነው፤ ልጁ ታስሮ የነበረ አፉን የሚፈታበት ቋንቋ ማለት ነው። በአካባቢው ያሉት ቋንቋዎችም ከአፍ አይርቁም። በአፋን ኦሮሞ «አፋን»፣ በሶማሊኛ «አፍ» ሁለቱም አፍም ቋንቋም ማለት ናቸው። ሐረሪዎች ግን ቋንቋቸውን «ጌይ ሲናን»፣ የከተማው ቋንቋ ይሉታል።

ይህ ስያሜ በሁለት ቦታ ይከዳናል። እናቱ በሶማሊኛ፣ አባቱ በአማርኛ የሚያነጋግሩት ልጅ አፉን የፈታው በሁለቱም ነው፤ ቅጹ ግን አንድ መስመር ብቻ ይተውለታል። ስለዚህ «አፍ መፍቻ ቋንቋዎች» ተብሎ በብዙ ቁጥር እንዲጻፍ እንመክራለን። ሁለተኛው መስማት የተሳነው ልጅ ነው። የእርሱ ቋንቋ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ከሆነ፣ የሚፈታው እጁን እንጂ አፉን አይደለም። «እጅ ማፍታቻ» ደግሞ በአማርኛ ለልምምድ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ለዚህ አያገለግልም። ሁለቱንም የሚያጠቃልል ስያሜ ሲያስፈልግ «የመጀመሪያ ቋንቋ» የሚለው ይበቃል።

8. የዘርፍ ድርድር

በአማርኛ ባለቤቱ ስም በመጨረሻ ስለሚመጣ፣ ገላጮች በፊቱ ሲደረደሩ የትኛው የትኛውን እንደሚገልጽ ሁልጊዜ አይታወቅም። «የድሬዳዋ ብርቱካን ነጋዴ» ሲባል ድሬዳዋ የብርቱካኑ ነው ወይስ የነጋዴው? በማስታወቂያውም እንዲሁ ነው፤ [የብዙ ቋንቋ ልዩ ፍላጎት] ትምህርት ብሎ የሚያነብብና የብዙ ቋንቋ [ልዩ ፍላጎት ትምህርት] ብሎ የሚያነብብ ሁለቱም ከሰዋስው አልወጡም። በእንግሊዝኛው ቃላቱ ተደርድረው ቢያልፉም፣ በአማርኛ «የ»ን እየደጋገሙ መደርደር አያዋጣም። መፍትሔው ከገላጮቹ አንዱን ግሥ ወዳለበት ሐረግ መለወጥ ነው። «ለልሳነ ብዙ ልጆች የሚሰጥ» ስንል፣ «የሚሰጥ» የሚለው ትምህርቱን እንጂ ፍላጎቱን ሊይዝ አይችልም፤ ሦስተኛው ፍቺ በሩ ይዘጋበታል። መምህሩ ምን ምን ቋንቋ ማወቅ እንዳለበት ደግሞ በስሙ ውስጥ ሳይሆን በተፈላጊ ችሎታ ዝርዝር ውስጥ ይገለጽ።

9. የምናቀርበው ስያሜና አፈታት

ሙሉ ስያሜ፦ «ለልሳነ ብዙ ልጆች የሚሰጥ የቀዳማይ ልጅነት ልዩ ፍላጎት ትምህርት ረዳት ፕሮፌሰር» (ማዕርጉ እንደ ሁኔታው ይለወጣል)። ለማኅተምና ለበር ጽሑፍ ረዘመ ከተባለ «የቀዳማይ ልጅነት ልዩ ፍላጎት ትምህርት» ብሎ ማሳጠር ይቻላል። «የልሳነ ብዙ ልጆች ልዩ ፍላጎት» ብሎ ማሳጠር ግን ልሳነ ብዙ ልጆች ሁሉ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ስለሚያስመስል የተከለከለ ይሁን።

ቀዳማይ ልጅነት፦ ስ. ከልደት እስከ 8 ዓመት ያለ የዕድሜ ክፍል።
ብዝኀ ልሳን፦ ስ. በአንድ ቦታ፣ ማኅበረሰብ ወይም ሰው ዘንድ ከአንድ በላይ ቋንቋ መኖር።
ልሳነ ብዙ፦ ቅ. ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚሰማና የሚጠቀም (ሰው)፤ ምልክት ቋንቋን ይጨምራል።
የቋንቋ ልዩነት፦ ስ. የልጁ ቋንቋ ከትምህርት ቤቱ ቋንቋ የተለየ መሆን። እክል አይደለም።
የቋንቋ ዕድገት እክል፦ ስ. በልጁ ቋንቋዎች ሁሉ የሚታይ የቋንቋ ዕድገት መታወክ።
የዝምታ ጊዜ፦ ስ. ልጅ አዲስ ቋንቋ እያዳመጠ የማይናገርበት ጊዜ።
ልየታ፦ ስ. ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች አስቀድሞ ማወቂያ። ፍርድ አይደለም።
ምዘና፦ ስ. ከልየታ በኋላ በልጁ ቋንቋዎች ሁሉ የሚካሄድ ዝርዝር ምርመራ።

10. ማጠቃለያ

ይህን ማስታወቂያ ወደ አፋን ኦሮሞና ወደ ሶማሊኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ከአማርኛው ቃል በቃል እንዳይነሡ፣ ከአፈታቱ እንዲነሡ አደራ እንላለን። በሁለቱ ቋንቋዎች ባለቤቱ ስም ስለሚቀድም፣ የእኛ መፍትሔ ለእነርሱ አያስፈልግ ይሆናል፤ የራሳቸው ማሻሚያ ግን ሊኖራቸው ይችላል።

በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ይሁን ሌላ፣ እንዲህ ያለ መደብ የሚከፍት ተቋም በመጀመሪያ የሚያትመው ነገር ስሙን ነው። ከሐርላ የመጣው ዝምተኛ ልጅ ስሙን አያነብበውም። የመምህርቱን ቅጽ የሚያዘጋጁት ግን ያነብቡታል፤ «አይናገርም» ከሚለው ቃል ቀጥሎ «በየትኛው ቋንቋ?» የሚል አንድ ባዶ መስመር የሚጨምሩት ልዩነትንና ልዩ ፍላጎትን ለይተው የተማሩ ከሆነ ነው።